በሩ ላይ የተሰቀሉት ስምንት ካርዶች

የሥራ ባልደረቦቹ «ጭልጥ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ሠዓሊዋ ናት። አንድ ቀን ሻዩን አጠገቡ አስቀምጦ ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ብሎ ሄደና፣ ብሩሹን ሻዩ ውስጥ እየነከረ ቅጠል ሲቀባ ደረሰችበት። «ተው እንጂ፣ ቅጠሉ ስኳር በዛበት!» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ካልሆነ በቀር የትም አይሰማም።

እሱም አልተቀየመም። እንዲያውም ስሙ ልክክ አለለት። በዚያች የካርቱን ፊልም ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራው ቅጠል መቀባት ነበር። ሌሎቹ የሚሮጥ፣ የሚዘል፣ የሚያወራ እንስሳ ሲሥሉ እሱ ከኋላ የሚቆመውን ጫካ ያለመልማል። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ሲያስቁት ይስቃል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቅጠሉ። ምሳውን መስኮቱ አጠገብ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይበላል። አንዲት እንቁራሪት ከነተረቷ በሐሳቡ የመጣችለትም እንደዚህ ብቻውን ምሳ ሲበላ ነው።

እንቁራሪቷ ከኩሬዋ ወጥታ አታውቅም። ኩሬው ግን በየቀኑ እየጎደለ ይሄዳል። ጠዋት ተኝታበት የነበረው ድንጋይ ማታ ደረቅ ሆኖ ይጠብቃታል። በመጨረሻ «ውሃው የት ሄደ?» ብላ በደረቀው ወንዝ ሆድ ውስጥ ሽቅብ ጉዞ ትጀምራለች። ሁለት ጓደኞች ይከተሏታል። አንደኛዋ «ይህን መንገድ በወጣትነቴ እስከ ግማሽ ሄጄዋለሁ» እያለች የምትኩራራ ኤሊ ናት። ሁለተኛው የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያይ ልቡ የሚጠፋ ቁራ ነው። ቁራው ገና መንገድ ሲጀምሩ አንዲት ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳን ያገኛል፤ ዘውድ ናት ብሎ ጭንቅላቱ ላይ ይደፋታል። ሽቅብ በወጡ ቁጥር ክዳኑ ይበዛል፣ ፌስታሉ ይበዛል፣ የቁራውም ደስታ ልክ ያጣል። ጫፍ ሲደርሱ፣ ሰው ሲጥለው የኖረው ጠርሙስና ላስቲክ ሁሉ በሁለት ቋጥኞች መካከል ተከምሮ ወንዙን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶት ያገኙታል። ቁራውን ያስደሰተው ነገር ሁሉ፣ ለካ እንቁራሪቷን ያስጠማት እሱ ነው።

ጭልጥ ይህን ተረት በልቡ ይዞ አራት ወር ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን እንደምንም ለእትዬ ነገራቸው። እትዬ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት ፈጅተው ጡረታ ሲወጡ ነው ይህን ሥራ የከፈቱት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «ግድግዳው ላይ ስቀለው» አሉት። በዚያ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ሹመት የለም።

በዚያ ቤት ፊልም ከመሠራቱ በፊት ተረቱ በትንንሽ ካርዶች ላይ ይሣልና በፒን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከመስኮቱ በስተግራ ይጀምርና ክፍሉን ዞሮ ይመጣል። ተራኪው ቀጭን ዱላ ይዞ ከግድግዳው ጋር እየተራመደ፣ ካርድ በካርድ እየጠቆመ ይናገራል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ካርድ ላይ የሌለ ነገር መናገር ክልክል፣ ቆሞ ማብራራት ክልክል፣ ወደ ኋላ መመለስ ክልክል። «ልጆቹ ሲኒማ ቤት ሲገቡ አንተ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አታብራራላቸውም» ይላሉ እትዬ።

ሌላም ደንብ አላቸው። ድንገት ብድግ ይሉና አንዱን ካርድ ከግድግዳው ነቅለው ከኋላቸው ይደብቁታል። ከዚያም የቀሩትን ካርዶች እያዩ፣ «ማን አለቀሰ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያ ካርድ ሲጠፋ ሌላው ካርድ ትርጉም ካጣ፣ አለቀሰ ማለት ነው፤ የተነቀለው ወደ ቦታው ይመለሳል። ማንም ካላለቀሰ ግን ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ጭልጥ ቀን ከሌሊት የደከመባቸው ሠላሳ አንድ ካርዶች በዚህ ዓይነት መሳቢያ ገብተዋል። መጀመሪያ አካባቢ አንጀቱ ይቃጠል ነበር። ኋላ ላይ ግን ራሱ እየነቀለ «ማን አለቀሰ?» ማለት ለመደ።

ፊልሙን የሚያሠራው የውሃ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። በመጀመሪያው የማሳያ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዲት ረጋ ያሉ ሴት ኃላፊና ምክትላቸው፣ ብዕሩን ከጆሮው የማያወርድ ወጣት። ጭልጥ እየተርበተበተም ቢሆን ተረከላቸው። ተረቱን ወደዱት። ነገር ግን ምክትሉ፣ «መልእክቱ አልጎላም» አለ። «እንስሳቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመው በግልጽ መናገር አለባቸው።» የሚቀጥለው ሐሙስ እንደገና እንደሚያዩት፣ ያን ጊዜም ካልሆነ ሥራውን ለሌላ ቤት እንደሚሰጡ ተናግረው ሄዱ።

እንግዲህ ጭልጥ ምን ያድርግ? ሥራው ሌላ ቤት ከሄደ እንቁራሪቷም አብራ ትሄዳለች፤ እሱም ወደ ቅጠሉ። ሦስት ቀን ተቀምጦ ለኤሊዋ ንግግር ጻፈላት። ኤሊዋ ክምሩ ፊት ያለ ድንጋይ ላይ ትወጣና ስለ ውሃ፣ ስለ አፈር፣ ስለ መጪው ትውልድ ትናገራለች። ንግግሩ ስምንት ካርድ ፈጀ። ችግሩ ቦታ ነው፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ንግግሩ የሚገባበት ቦታ ደግሞ ልክ በሩ ጋ ነበር። ከበሩ በፊት ያለው ካርድ ላይ ቁራው ክምሩን አይቶ ዘውዱን ከራሱ ያወርዳል፤ ከበሩ በኋላ ያለው ላይ ዘውዱን መሬት ጥሎ የመጀመሪያውን ጠርሙስ በመንቁሩ ይጎትታል። በሁለቱ መካከል ባዶ የነበረው የበሩ ሳንቃ ብቻ ነው።

«በሩ ላይ ስቀለው» አለች ሠዓሊዋ። «እሱ እንደሆነ ሁልጊዜ ዝግ ነው።»

እውነቷን ነው። ጎረቤታቸው አናጺ ነው። መጋዙ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማፏጨት ከጀመረ እስከ ማታ አያባራም። በሩን ከፍቶ የሠራ ሰው በዚያ ቤት ታሪክ የለም። ስምንቱ ካርዶች በበሩ ውስጠኛ ፊት ላይ በሁለት ረድፍ ተሰቀሉ። እትዬ አዩዋቸው፤ እጃቸውን ወደ አንዱ ሰደድ አድርገው መልሰው ሰበሰቡት። «ማን አለቀሰ?» አላሉም። መሥሪያ ቤቱ ያዘዘውን ማን ይነቅላል?

ረቡዕ ማታ ጭልጥ ለእናቱ ተረከላት። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ እናቱ የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች። ሲተርክላት የስፌት መኪናዋን አታቆምም፤ ተረቱ ልቧን ሲይዘው ግን እግሯ ፔዳሉን ይረሳዋል። ጭልጥ ይህን ያውቃል፤ ከአፏ ይልቅ እግሯን ነው የሚያምነው። እንቁራሪቷ የመጨረሻውን እርጥብ ድንጋይ ትታ ስትዘል መኪናው ቆመ። ክምሩ ጋ ሲደርሱም ቆመ። ኤሊዋ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ግን ትርርርር ብሎ ተነሣ፤ ንግግሩ እስኪያልቅ አንድ እጅጌ ተሰፋ።

«እማዬ፣ ሰልችቶሽ ነው አይደል?»

«ኧረ ምን በወጣህ! ኤሊዋ ጥሩ ተናጋሪ ናት። እጅጌው ለነገ ይደርሳል ብዬ ነው እንጂ።»

«የቱ ጋ ነው ደስ ያለሽ?»

«ቁራው» አለች ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ያ ቀበጥ! ዘውዱን ሲያወርድ አንጀቴን በላው።»

ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ አያድርስ ነው። እትዬ አናጺውን «አንድ ሰዓት ብቻ መጋዝህን አሳርፍልኝ» ብለው ለምነውት፣ አካባቢው ጭጭ ብሏል። ኃላፊዋና ምክትሉ ወንበር ተሰጣቸው። ለእንስሳቱ ድምፅ የሚሰጡት ሽማግሌ፣ ቤቱ ሁሉ «ጋሽ ጉሮሮ» የሚላቸው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው በመሐረባቸው ያራግባሉ። ክፍሉ በስድስት ሰው ትንፋሽ ታፈነ።

«ኧረ በሩን እንክፈተው፣ ልናልቅ ነው» አሉ እትዬ፤ ራሳቸው ተነሥተውም ሳንቃውን እስከ መጽሐፍ መደርደሪያው ድረስ ወለል አድርገው ከፈቱት። ነፋስ ገባ። ሁሉም «እፎይ» አለ። ስምንቱ ካርዶች ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ፤ ማንም ልብ አላለም። ጭልጥም ዱላውን ጨብጦ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በልቡ እየደጋገመ ነበር።

ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርዶች ላይ ድምፁ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። አራተኛው ላይ እንቁራሪቷ ዘለለች፤ እሱም አብሯት ዘለለ። ከዚያ በኋላ ሰው መኖሩን ረሳው። ቁራው ዘውዱን ሲደፋ ኃላፊዋ ሳቁ። ኤሊዋ መንገድ ተሳስታ «ወንዙ ነው የተሳሳተው» ስትል ምክትሉም ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። መሥራት ያልቻለው አናጺም ወሬው ስቦት መጣና፣ ትከሻው ላይ የእንጨት ብናኝ እንደተነሰነሰበት መቃኑን ተደግፎ ደፉ ላይ ቆመ።

«... ያን ጊዜ ቁራው ቀና አለ» አለ ጭልጥ፣ ከበሩ በፊት ያለችውን ካርድ እየጠቆመ። «ክምሩ ከሱ በላይ፣ ከዛፎቹ በላይ ነው። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ነጭ፤ ሁሉም ያብለጨልጫል። ከሥሩ ግን አንዲት ጠብታ አትወጣም። ቁራው ዘውዱን ከራሱ አወረደ። አየው።»

ዱላውን ወደሚቀጥለው ካርድ አሻገረ። ካርድ የለም። ዱላው ያረፈው አናጺው ደረት ላይ ነው።

 ጭልጥ ዱላውን፣ አናጺውን፣ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን የበሩን ሳንቃ አየ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ስምንቱ ካርዶች! መልእክቱ! መሥሪያ ቤቱ ያዘዘው፣ ሰዎቹም ሊሰሙት የመጡት እሱን ነው። ሄዶ በሩን ይዝጋ? ወደ ኋላ መመለስ ክልክል። በቃሉ ይናገር? ካርድ የሌለውን መናገር ክልክል። እትዬን አያቸው፤ እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

መጀመሪያ የተናገረው አናጺው ነው። ዱላውን ቁልቁል አየው፣ ከዚያ ክምሩ ያለበትን ካርድ፣ ከዚያ ደግሞ የተሰበሰበውን ሰው።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ።

 ዱላው ደረቱ ላይ እንዳለ ነው። አናጺው አንገቱን አከከ።

«እሺ በቃ... አንዳንዴ እጥላለሁ። የቀለም ጣሳም፣ የሙጫ ፕላስቲክም። ግን ሁሉም ሰው ይጥላል እኮ!»

ሠዓሊዋ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ጋሽ ጉሮሮ ተከተሏት፤ ሳቁ ክፍሉን ዞረው። ከዚያ ቀስ እያለ ሲበርድ፣ የሰዎቹ ዓይን ክምሩ ላይ ቀረ። ምክትሉ እንኳ ከእግሩ ሥር ያስቀመጠውን የውሃ ጠርሙስ በጫማው ገፋ አድርጎ ወደ ወንበሩ ሥር ከተተው።

 ጭልጥ ዱላውን ከአናጺው ደረት አነሣና፣ በሩን ተሻግሮ ከበሩ ማዶ ያለችው ካርድ ላይ አሳረፈው።

«ቁራው ዘውዱን መሬት ላይ ጣለው» አለ። «የመጀመሪያውንም ጠርሙስ በመንቁሩ ያዘና ጎተተ።»

ከዚያ ወዲያ ተረቱ ራሱ ነው ጭልጥን የወሰደው። እንቁራሪቷ ጎተተች፣ ኤሊዋ በጀርባዋ ገፋች፣ ክምሩ ተናጋ፤ ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ሾለከ፣ ቀጥሎ እንደ ገመድ፣ ቀጥሎ የሚይዘው ጠፋ። የመጨረሻውን ካርድ ሲጠቁም ኃላፊዋ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ጭብጨባው ሳያልቅ ምክትሉ ብዕሩን ከጆሮው አወረደ። «ጥሩ ነው። ቅጹ ላይ ግን 'መልእክቱ የሚተላለፍበት ደቂቃ' የሚል አለ። እኔ አልሰማሁም። የት ጋ ነው?»

«'አናጺው ጋ' ብለህ ጻፋ!» አሉ ጋሽ ጉሮሮ።

ጭልጥ ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ግን ውሸት አያውቅበትም፤ ፊቱ ወዲያው ያጋልጠዋል። ሄዶ አናጺውን «ይቅርታ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ግባልኝ» አለውና በሩን ዘጋው። ስምንቱ ካርዶች ብቅ አሉ።

«ያዘዛችሁትን ጽፌው ነበር» አለ። «እዚህ ነው። በሩ ሲከፈት ተሸፈነብኝ። ረስቼው አለፍኩት።» ዱላውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «አይደለም። መጀመሪያ ነው የረሳሁት። ኋላ ግን አይቼ ነው ያለፍኩት።»

ኃላፊዋ ንግግሩን ለመስማት ፈለጉ። ጋሽ ጉሮሮ ቆመው በኤሊዋ ድምፅ አነበቡት፤ እሳቸው ደግሞ በንባብ አይታሙም። ንግግሩ አማረ። ሦስተኛው ካርድ ላይ አናጺው አዛጋ። አምስተኛው ላይ ምክትሉ ሰዓቱን አየ። ጋሽ ጉሮሮ ሲጨርሱ ላባቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ወንዙን የዘጋው ላስቲኩ አይደለም፤ ይቺ ኤሊ ናት» አሉ።

«ማን አለቀሰ?» አሉ እትዬ ቀስ ብለው፣ ወደ ግድግዳው እያዩ።

ምክትሉ አልገባውም። «ማንም አላለቀሰም። ግን ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገር እንጂ። ልጆች ካልነገርካቸው አይገባቸውም።»

በዚያ ቤት ውስጥ ጭልጥ ሰው ተቃውሞ አያውቅም። አሁን ግን የራሱን ድምፅ ሰማው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኤሊዋ ከነገረችው ቁራው ታዞ ነው የሚጎትተው። ዝም ካለችው ግን ራሱ ገብቶት ነው። ዘውዱን እያየ እንዴት እንደሚገባው ካሳየነው፣ ልጆቹም እሱን እያዩ ይገባቸዋል። ብንናገርላቸው እነሱ ምን ይሠራሉ? ቁጭ ብለው መስማት ብቻ ነው። ደግሞ...» ወደ አናጺው ዞረ። «ለሱ ማንም አልነገረውም።»

«ኧረ ተወኝ በናትህ!» አለ አናጺው።

ኃላፊዋ ተነሡ። ወደ በሩ ሄደው ስምንቱን ካርዶች አንድ በአንድ ከነፒናቸው ነቀሏቸው። «ይህን ንግግር ያስጻፍንህ እኛ ነን። ጥፋቱም የኛ ነው። ግን አይጣልም፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ መክፈቻ አለብኝ፣ እዚያ አነበዋለሁ። እዚያ ቢያዛጉም ለምጄዋለሁ።» ወደ ምክትላቸው ዞሩ። «ደቂቃውን ቁራው ዘውዱን ሲያወርድ ብለህ ጻፍ። እኔ እፈርማለሁ።»

ምክትሉ ጻፈ። ግን ብዕሩን ገና ጆሮው ላይ ሳይመልስ፣ «ሰባ ደቂቃ ነው የተስማማነው። ይኼ ሲወጣ ሁለት ደቂቃ ይጎድላል» አለ። ሁሉም ወደ ጭልጥ ዞሩ።

ጭልጥ መልሱን አላሰበበትም፤ ከተናገረው በኋላ ነው እሱም የሰማው። «እንቁራሪቷ ትዋኝ» አለ። «ውሃው ከተመለሰ በኋላ። ማንም አይናገር። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላ ትዋኝ።»

ኃላፊዋ ፈገግ አሉ። «መጥቼ የማየው እሱን ነው» አሉ። ተጨባበጡ፣ እንግዶቹ ሄዱ፤ እትዬ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው መነጽራቸውን አወለቁና «ይኸው ፊልም ሆነች» አሉ።

ሠዓሊዋ ግን ራሷን ይዛለች። «ውሃ! ሁለት ደቂቃ ውሃ! አንተ ልጅ፣ በሴኮንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ማለት ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ! ቅጠል እኮ አይደለም፣ ቀብተኸው ቁጭ የሚል። ውሃ አንዱ ሥዕል ከሌላው ከተመሳሰለ ሞተ ማለት ነው።»

«ግማሹን እኔ እሥላለሁ።»

«ታውቅበታለህ?»

«አላውቅም። አስተምሪኝ።»

 ሠዓሊዋ የራሷን ወንበር ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ከሥሩ መብራት ባለበት የመሣያ መስታወት አጠገብ ሌላ ወንበር ጎተተች። «ና ቁጭ በል። ምሳህንም ወደዚህ አምጣው፤ ገና ብዙ ነው።»

የመጀመሪያውን ሞገድ ሣለ። አንገቷን አዘንብላ አየችው። «ይኼ ውሃ ነው ወይስ ትል?»

«ውሃ ውስጥ ያለ ትል ነው።»

እየሳቀች ወረቀቱን ጠቅልላ ወረወረችውና ሌላ ዘረጋችለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አልተሻለም። ሦስተኛው ላይ እጁን በእጇ ይዛ፣ እርሳሱን ሳይጫን ከግራ ወደ ቀኝ እንዴት እንደሚለቀው አሳየችው። አራተኛውን ብቻውን ሣለ። ሦስተኛው ላይ ደረበችው፣ ሁለቱን በጣቶቿ መካከል ይዛ ቶሎ ቶሎ አገላበጠቻቸው፤ መስመሩም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ፈሰሰ።